ከሁለት ወገን

ኩዌት፣ ሻርቅ ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ፣
ቀን ገንዘብ ሲጮኽበት ውሎ፣ ማታ የኔን ባልዲ የሚያውቅ።
ከመስኮቱ ማዶ ባሕሩ ጠቁሯል፣
ከመስኮቱ ወዲህ ሰሌዳው ይበራል።
ኡስታዝ ፋዲ ብቻ አምሽቶ ይቀራል፤
የአሜሪካ ገበያ የኛ ፀሐይ ስትጠልቅ ይከፈታል።

"ዘሐራ" ይለኛል፣ ጫማውን አንሥቶ
ከሥሩ እንድወለውል፣ ስልኩን ለአፍታ ትቶ፤
"የላክሽው ገንዘብ ሁሉ ተበልቶ አለቀ፤
ለራስሽስ ግዢ፣ ከሰው እጅ የራቀ።
ኢንተርኔት ነው ዛሬ፤ ዓለም ሁሉ ገባ፤
የቀረ ነው ነገ በቁጭት የሚያነባ።"

እኔ ኢንተርኔትን በእጄ ነው የማውቀው፤
ከምንጣፉ ሥር ነው፣ አቧራ የሚወደው።
ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ እንደ አንጀት የተጠላለፈ፣
እንደ ሕፃን ግንባር ትኩሳቱ እንዳላለፈ።
"ይኸ ነው ወይ?" አልኩት። ሳቀና ኡስታዙ
"ሽቦውን ማን ገዛ! ተስፋውን ነው የገዙ።"

ተስፋ እንደሚሸጥማ መች አጣሁት እኔ፣
ሸጦልኝ አይደል ወይ ይማም ያመጣኝ ከወገኔ።
"ያልፍልሃል" ብሎ ካባቴ ተቀበለ፣
ለእመቤቲቱ ወኪል "ጠንካራ ናት" አለ።
እኛ በሬ ሸጥን፤ እሷም ዲናር ከፈለች፤
አንዲት ዘሐራ ሁለት ጊዜ ተሸጠች።

ይህን እያወቅሁ ገዛሁ።

ሰባት ወር ሙሉ፣ ዓርብ ዓርብ፣ ሳልሚያ የሰው ደረጃ ያጠብኩበት፣
መቶ ሠላሳ ዲናር፣ በሻሼ ጫፍ የቋጠርኩት።
ስልኬ ላይ ከፈተልኝ፣ በመታወቂያዬ።
"ድርጅቱ ምን ይሠራል?" አልኩት፣ ጨርቄን ጥዬ።
"ሰውን ከሰው ጋራ ያገናኛል" አለኝ።
ይኸማ የይማም ሥራ አይደል? ሳቅ አመለጠኝ።

መጀመሪያ ወጣ።
ሌሊት ከብርድ ልብሴ ሥር ብርሃኑን ሳይ፣
ሰዓዳ እንዳትነቃ ትንፋሼን ዋጥ አርጌ ሳይ፣
አረንጓዴው ለዓይኔ የሐምሌ ቡቃያ መሰለኝ፣
ሳላርስ ሳልዘራ የበቀለልኝ።

ከዚያ ወረደ። "ጨምሪ" አለኝ፤ "ረከሰ!"
ትናንት "ወጣ፣ ግዢ" ባለበት አፉ፣ ምራቁ ሳይደርቅ መለሰ።
ሲወጣ "ሳያመልጥሽ"፣ ሲወርድ "ሳይወደድብሽ"፤
በየትም ብትዞሪ አንድ በር ነው የሚከፈትልሽ።

አንድ ማታ ሲጋራ ሊያጨስ ወረደ፤
መሳቢያው ክፍት ነበር፣ ጨርቄም በዚያው ሄደ።
ፊደሉን አውቃለሁ፣ መድረሳ ቆጥሬ፤
ቆሜ አነበብኩት፣ ባልዲዬን አጠገቤ አኑሬ።
ደረሰኝ ነው፣ ከሙባረኪያ ወርቅ ቤት የመጣ፣
በስሙ፣ በየወሩ፣ አንድም ወር ሳያጣ።
ጥፍጥፍ ወርቅ ነው ሁሉ፤ ለኔ ከሸጠው ተስፋ
አንዲት ፍሬ እንኳ ተፈልጋ ጠፋ።
ለካ ይቀኝ ኖሯል፣ ሰሙን ለኔ አቅልጦ፣
ወርቁን ከመሳቢያ፣ ከወረቀት ሥር አስቀምጦ።

በማግሥቱ "ሽጥልኝ" አልኩት።
ይቆጣል ብዬ የባልዲዬን ጆሮ ጠበቅ አርጌ ያዝኩት።
እሱ ግን በዚያው፣ በግዢው ቀን ፈገግታ፣
"ብልህ ነሽ" አለኝ፤ "መሸጥም ጥበብ ነው" ብሎ ቁልፉን መታ።
ሲገባ ቆርጦ ነበር፣ ሲወጣም ቆረጠ፤
መቶ ሠላሳዬ ዘጠና አንድ ሆኖ ተቀመጠ።

አልተጣላሁትም።
የሱ እርሻ መውጣቱም፣ መውረዱም አይደለም፤
መነቃነቁ ነው፤ ዝም ያለ ገንዘብ እሱን አያበላም።

ልወጣ ስል ጠራኝ። "ጓደኞች አሉሽ?
በአንድ ሰው አምስት ዲናር አስብልሻለሁ፣ ካመጣሽ።"

ሌሊት ሰዓዳ ነቃች። "ያ አረንጓዴ፣
ስልክሽ ላይ የማየው፣ ምንድን ነው? ያዋጣል እንዴ?"
ደላላ ሲናገር ከየት እንደሚጀምር ያኔ ገባኝ፣
አምስት ዲናሩ ከቃሌ ቀድሞ ከንፈሬ ላይ ሲደርስብኝ።

ውሃ ጠጣሁና፣ "ተኚ" አልኳት።